ብልቃጡን አትመኑት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

የፒፓ ትምባሆ ሊገዛ ከለንደን የድሮ ትምባሆ ቤቶች አንዱ ጎራ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የትልልቆቹን ብልቃጦች ክዳን እያስከፈተ ማሽተት ነው። በዚያ ሽታ ብቻ የገዛ ግን ብዙውን ጊዜ ይቆጨዋል። ለማጣፈጫ የተጨመረው ቫኒላውም ቼሪውም ለአፍንጫ ነው፤ እሳት ሲነካው ቶሎ ይበናል፣ የሚቀረው ቅጠሉ ነው። ስለዚህ ባለሱቁን የቅይጡን (ከተለያየ ቅጠል የተደባለቀውን ትምባሆ) ስም ከመጠየቅ «ምን ምን ቅጠል አለበት? የቱ ያይላል?» ማለት ይሻላል።

ለዚህ ጥያቄ የተሠሩ ቤቶች ናቸውና መልስ አያጡም። እ.ኤ.አ. በ1787 የተጀመረው የሮበርት ሉዊስ ንግድ ዛሬም በሴንት ጄምስ ጎዳና በጄምስ ፎክስ ስም ይሠራል። አልፍሬድ ደንሂል በ1907 በዱክ ጎዳና ሱቅ ሲከፍት የየደንበኛውን ቅይጥ በመዝገብ ያሰፍር ነበር። እንግሊዝ በ2007 በዝግ ቦታ ማጨስን ስትከለክል እንኳ በልዩ ትምባሆ ቤቶች ሲጋርና የፒፓ ትምባሆ መቅመስን አልከለከለችም። ስለዚህ «ልቅመሰው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወደ ቅጠሎቹ ልግባ። ቨርጂኒያ በጋለ አየር ስለሚደርቅ ስኳሩ አይጠፋበትም፤ ጣፋጭ ነው፣ የሚቸኩልን ሰው ምላስ ግን ይለበልባል። በርሊ በጥላና በነፋስ ይደርቃል፤ ስኳሩ ከምንም አይቆጠርም፣ ኒኮቲኑ ይከብዳል፣ የጨመሩበትን ማጣፈጫ ሁሉ ይመጥጣል። ኦሬንታል ፀሐይ ላይ የሚደርቅ የቱርክና የግሪክ ትንንሽ ቅጠል ነው። ላታኪያ ስሙን ከሶርያ ወደብ ያገኘ ቢሆንም ዛሬ በየሱቁ ያለው በአብዛኛው የቆጵሮስ ነው፤ በእንጨትና በቁጥቋጦ ጭስ ታጥኖ ይጠቁራል። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ያሸተተ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ፔሪክ ደግሞ ከሉዊዚያና ነው፤ በርሜል ውስጥ በከባድ ጫና ተጨፍልቆ ዓመት ያህል ይብላላል፣ ስለሚያቃጥልም ከቅይጡ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ይበቃዋል። የእንግሊዝ ቅይጥ የሚባለው ቨርጂኒያ፣ ኦሬንታልና ላታኪያ ነው። ለጀማሪ ላታኪያው ከሩብ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ከአንዱ ዓይነት 25 ግራም ግዙ፤ አሥር ጊዜ ያህል ያስሞላል። ለመቅመሻ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓን የሚያህል የለም፤ ርካሽ ነው፣ የራሱን ጣዕምም ብዙ አይጭንም። የእንጨት ፒፓ ግን የላታኪያንና የማጣፈጫን ጠረን ይይዛል፣ ስለዚህ ለየብቻ ፒፓ መመደብ ያስፈልጋል። (እንጨቱ የሜዲትራንያን አስታ ሥር ነው፤ ዛፉ በኢትዮጵያ ሰሜን ተራሮች ላይም ይበቅላል።)

ከሁሉ በላይ የሚበላሸው እርጥበቱ ነው። ብዙ ቅይጥ ከብልቃጥ ሲወጣ ገና እርጥብ ነው። ቆንጠር አድርጋችሁ በሁለት ጣት ጨምቁትና ልቀቁት። እንደተጣበቀ ከቀረ እርጥብ ነው፤ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፤ ቀስ ብሎ ከተፈታ ልክ ነው። እርጥቡን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አናፍሱት። ተጨፍልቆ በስሱ የተቆረጠው ዓይነት ተፈርፍሮ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ምላስ ማቃጠሉ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል፤ እርጥብ ትምባሆ እንፋሎት ያወጣል፣ አጫሹም እንዳይጠፋበት አብዝቶ ይስባል።

ሲሞላ ሦስት ጊዜ ነው፦ መጀመሪያ እስከ አፉ በትኖ በጣም ቀለል አድርጎ መጫን፣ ቀጥሎ ጨመር አድርጎ መካከለኛ፣ በመጨረሻ ጠበቅ ማድረግ። ሳይለኮስ ሳቡት፤ ካስቸገረ አውጥታችሁ ድገሙ፣ በመጠቅጠቂያ ብትወጉት አይፈታም። ክብሪቱ ድኙ ነዶ እስኪያልቅ ጠብቁና በዙሪያው አዙሩት። ትምባሆው ያብጣል፤ በቀስታ ጫን አድርጋችሁ ዳግመኛ ለኩሱ። የፒፓው ጎድጓዳ ከመጋሉ የተነሣ ጉንጭ ላይ አልያዝ ካለ አስቀምጡት። ቢጠፋ ምንም አይደለም፣ ይለኮሳል። ሲሳብ ውስጡ ውሃ እንደያዘ ድምፅ ካሰማ መጥረጊያ ሽቦ አስገቡ፤ በጋለበት ግን አንገቱን አትንቀሉ፣ ይላላል ወይም ይሰነጠቃል።

ጭሱ ወደ ሳንባ አይወርድም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ከአፍና ከጉሮሮ ካንሰር ጋር ያለው ዝምድና የታወቀ ነው።

የተረፈውን አየር በማያስገባ የመስታወት ዕቃ አኑሩ። እርጥበት እንዲይዝ ብሎ የፖም ቁራጭ መጨመር ሻጋታ መጋበዝ ነው። ቨርጂኒያ ለዓመታት እየጣመ ይሄዳል፤ ላታኪያ ይደበዝዛል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ስታዩ ቶሎ አትጣሉት፤ ተጣብቆ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ስኳር ሊሆን ይችላል፣ ጥጥ መስሎ ከቆመና ሽታው ከተለወጠ ግን ሙሉ ዕቃው ይጣላል።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን አለ፦ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ልክ። የቱ የቱ እንደሆነ አልጻፍንባቸውም፤ እጃችሁን ታጥባችሁ ቆንጥሩ።