ጉድጓዳችን ይበቃናል ለሚሉ አድማጮች

ጥያቄ፦ የከተማው የፍሳሽ መስመር በመንገዳችን ሊያልፍ ነው። ሴፕቲክ ታንካችን (የቤታችን ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ) በ15 ዓመት አንዴም ሞልቶ ስለማያውቅ ከጎረቤቶቼ ጋር አንፈልግም ብለናል። ተሳስተናል?

መቃወም መብታችሁ ነው፤ ምክንያታችሁ ግን አያስኬድም። ደህና ሴፕቲክ ታንክ ሥራ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ እስከ መውጫ ቧንቧው ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ፍሳሹ ከመውጫው በታች ወርዶ ካያችሁት ወለሉ ወይም ግድግዳው ተሰንጥቆ ወደ አፈሩ እየሰረገ ነው። ደለሉን ለመለካት በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስከ ወለሉ አውርዱት። ስታወጡት ጥቁር ደለል የያዘው ቁመት ልኩ ነው። ደለሉና ላይ የሰፈፈው ቅባት ተደምረው የፈሳሹን ጥልቀት ሲሶ ከደረሱ መምጠጫ መኪና ጥሩ። ብዙ ቤት ይህ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ያስፈልገዋል። ስትለኩ ፊታችሁን ወደ ጉድጓዱ አፍ አታስጠጉ።

ጥያቄ፦ የውሃ ጉድጓዳችን ውሃ እንደ መስታወት የጠራ ነው። የከተማው የቧንቧ ውሃ ምን ይሠራልናል?

ጥራቱ በዓይን አይታይም፤ ላቦራቶሪ ውሰዱት። ኢ ኮላይ የሚባለው ከሰገራ የሚመጣ ጀርም በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። ከፍሳሽና ከማዳበሪያ ወደ ውሃ የሚሰርገው ናይትሬት ደግሞ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለሕፃን ወተት አትበጥብጡበት። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ ናይትሬቱን ግን ውሃው እየተነነ ሲሄድ ያከማቸዋል። የፍሳሽ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ሲባል የእናንተ ብቻ ሳይሆን የጎረቤታችሁም ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ የከተማውን ውሃ ተቀብለን የፍሳሹን መስመር ብንተውስ?

ቧንቧ ሲገባ የምትጠቀሙት ውሃ ይጨምራል፤ ያ ሁሉ የሚወርደው እዚያው የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ነው። አይመከርም።

ጥያቄ፦ የውሃ ጉድጓዳችንንና የከተማውን ውሃ በአንድ ቫልቭ ብናገናኝ?

በፍጹም! ቫልቭ ያፈሳል፣ ሰውም ይረሳዋል። የከተማው ግፊት ሲወርድ የእናንተ ፓምፕ የጉድጓዱን ውሃ ወደ መንገዱ መስመር ይገፋዋል፤ ያልተመረመረ ውሃ መላው ሰፈር ይጠጣል። ሁለቱ ቧንቧዎች የትም አይገናኙ።

ጥያቄ፦ መስመሩ ከገባ አሮጌውን የፍሳሽ ጉድጓድ እኛው አጽድተን ብንደፍነው? ሻማ አውርደን ካልጠፋ አንድ ልጅ እናስገባለን።

ወንድሜ፣ እባክህ ማንንም አታስገባ። ሻማው የሚነግርህ ኦክስጅን መኖሩን ብቻ ነው። ከደለሉ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሻማ ሳያጠፋ ሰው ይገድላል፤ ሚቴን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ካለ ደግሞ ያው ሻማ ያፈነዳዋል። «ሽታው ቀነሰ» ብላችሁም አትግቡ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋው ጋዙ ስለበዛ ሊሆን ይችላል። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ደለሉ ሲነካካ በአንዴ ይወጣል፣ ሰውየው መጮህ እንኳ ሳይችል ይወድቃል። ከዚያ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይቀራል። ከአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት አስከሬን የሚወጣው እንዲህ ነው። ሰው ከወደቀ እሳት አደጋ ጥሩ፣ አትከተሉት። ሽታ ለማጥፋት ብላችሁ አሲድም አታፍስሱ፤ አሲድ ያንኑ ጋዝ ከደለሉ ያስወጣዋል።

አሠራሩ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቤቱ ከአዲሱ መስመር ጋር ተያይዞ ይሞከር። ከዚያ መኪና ደለሉን ሙሉ በሙሉ ይምጠጠው። ክዳኑና ወለሉ ከላይ ሆኖ በማሽን ይሰበር፤ ወለሉ ካልተበሳ የዝናብ ውሃ ያቁራል። በመጨረሻ አሸዋና ጠጠር በ30 ሳንቲ ሜትር ንብብር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ባዶውን በክዳን ብቻ ከተዋችሁት ኮንክሪቱ በስብሶ አንድ ቀን ልጅ ይዞ ይወርዳል። ይህን ሥራ ለባለሙያ ስጡት።

ጥያቄ፦ የጣሪያ ውሃችንን ወደ ፍሳሹ መስመር ብንለቀው?

አይቻልም። በዝናብ ቀን መስመሩ ሞልቶ በዝቅተኛው ቤት ሽንት ቤት ይገነፍላል።

ጥያቄ፦ ወጪው ስለከበደን ነው የተቃወምነው።

ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ በስብሰባው ላይ አንሱት። ክፍያው በየወሩ ይከፋፈል እንደሆነ፣ የተቆፈረውን መንገድ ማን እንደሚመልስ፣ ከአጥር እስከ ዋናው መስመር ማን እንደሚጠግን በጽሑፍ ጠይቁ። ዛሬ ባትገናኙም ቦዩ ሳይዘጋ በየአጥሩ አንድ የተደፈነ መገናኛ ቧንቧ እንዲተውላችሁ አድርጉ። ኋላ አስፋልት ማስቆረጥ እጅግ ይወደዳል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከመንገዱ ዝቅ ይላል። ፍሳሹ ይወጣልናል?

110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁልቁለት ይፈልጋል። ወለላችሁ ከማንሆሉ (መንገድ ላይ ካለው የፍሳሽ መስመሩ መክፈቻ) ክዳን ዝቅ ካለ ፍሳሽ እንዳይመለስባችሁ የሚከላከል ቫልቭ ያስፈልጋል፤ ከመስመሩ ከራሱ በታች ከሆነ ደግሞ ፓምፕ። ይህን በሬዲዮ ልወስንላችሁ አልችልም፤ ከፍታ የሚለካ ባለሙያ ጥሩ።