ፕላን ማንበብ የሚችል ሰፈርተኛ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ መምህራን፣ የእድር ዳኞች፣ የተወደዳችሁ የማኅበራችን አባላት፤ እንደምን አደራችሁ!

እጃችሁ ላይ ያለው የአጀንዳ ወረቀት ረጅም ነው። የሂሳብ ሪፖርት አለ፣ ምርጫ አለ፣ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያም አለ። ሁሉም ተራው ሲደርስ ይቀርባል። እኔ ዛሬ የማነሣው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። የሕንፃና የፕላን ባለሙያ አባሎቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤት እየሄዱ ለልጆች ስለ ሕንፃና ስለ ከተማ መልሶ ማልማት የሚሰጡት ትምህርት።

ብዙ ሰው ይህን ሥራ አርክቴክት ማፍሪያ አድርጎ ያየዋል። ወላጆችም «ልጄ ኢንጂነር ሊሆን ነው» ብለው ይደሰታሉ። ደስታቸውን መንጠቅ አልፈልግም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ከአንድ ክፍል ሕንፃ ኮሌጅ የሚገባው አንድ ወይ ሁለት ልጅ ቢሆን ነው። የቀሩት ነጋዴ፣ ነርስ፣ ሹፌር፣ መምህር ይሆናሉ። አንድ ቀን ግን ሁሉም ለስብሰባ ወረዳ ይጠራሉ። ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ፕላን ፊት ይቆማሉ። ያን ጊዜ «ቤቴ የቱ ጋ ነው? ይሄ መስመር መንገድ ነው ወይስ የቦይ መስመር? ይሄኛው ቦታ ለምን ይውላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። እኛ ማፍራት ያለብን እሱን ነው። አርክቴክት ከወጣበት ጉርሻ ነው።

ለምን አሁን? አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ስትሠራና ስትፈርስ ኖራለች። የአሁኑ ፍጥነት ግን የተለየ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ሲጀመር ተማሪዎቻችን የሚያውቁት መንገድ በሳምንታት ውስጥ ተቀየረ። አንዳንዶቹ ራሳቸው ተነሺ ሆኑ። ጎረቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ታክሲ የሚይዙበት ቦታም ተለወጠባቸው። ከተማ መልሶ ማልማት ለእነሱ የመጽሐፍ ርዕስ አይደለም። ቤታቸው የገባ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ትምህርቱ ከቤታቸው ይጀምራል። ለልጁ ሜትር እንሰጠዋለን። ያደረበትን ክፍል ለክቶ በ1 ለ50 ሚዛን ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል። በሩ በየት በኩል ይከፈታል? መስኮቱ የት ነው? አልጋው ስንት ቦታ ይይዛል? ማታ መሬት ላይ ፍራሽ ሲነጠፍ መተላለፊያ ይቀራል? አራት በአራት የሆነች የቀበሌ ቤት ወረቀት ላይ ስትወርድ ስምንት ሳንቲ ሜትር በስምንት ሳንቲ ሜትር ናት። በዚያች ካሬ ውስጥ ስድስት ሰው ለማስተኛት የሚሞክር ልጅ፣ ስለ ጥግግት ከየትኛውም ሌክቸር የበለጠ ይማራል።

ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል። ይህ ቤት ለምን እንዲህ አረጀ? እዚህ ላይ ታሪኩን አለዝቦ ማለፍ አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ በጣም ዝቅተኛ ሆኖ ቆየ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር። ቀበሌው ግን በዚያች ኪራይ ቤት አያድስም ነበር። ተከራዩ ደግሞ ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ እንኳ መቀየር አይችልም። የጭቃ ግድግዳ በየጊዜው ካልተመረገ፣ የጣሪያ ውሃ ከመሠረቱ ካልራቀ፣ ቋሚው እንጨት ከሥሩ ይበሰብሳል። ጭቃ ቤት ስለ ደከመ ብቻ ጭቃ መጥፎ ነው ብሎ የሚወጣ ተማሪ ግማሹን ነው የተማረው። ጭዱ ከጭቃው ጋር በደንብ ቦክቶ የተመረገ፣ የድንጋይ መሠረት ያለው፣ ጣሪያው ወጣ ብሎ የሚያለብሰው ቤት ብዙ ዘመን ይቆማል።

ከቤት ወደ ሰፈር እንወጣለን። ልጆቹ ካርታ ይሠራሉ። የመሥሪያ ቤት ካርታ የማያሳየውን ነገር እንዲያሰፍሩ ነው የምንጠይቃቸው። ጉሊቱ የት ይቀመጣል? የእድሩ ድንኳንና ድስት የት ይከማቻል? ድሮ ቦኖ የነበረው የት ነው? ኳስ የሚጫወቱት የቱ ጋ ነው? ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛው የት ነው? አንድ የቤት ቁጥር ውስጥ ስንት ቤተሰብ አለ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው። ደባል መዝገብ ላይ በደንብ አይታይም። ሰፈር ሲነሣ ግን መጀመሪያ የሚጨነቀው እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ካርታ ስናይ እኛ ባለሙያዎቹም ራሳችንን የምንጠይቅበት ነገር አለ። ስንቶቻችን ነን ዲዛይን ከመጀመራችን በፊት ጉሊት የቆጠርነው?

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል ልምጣ። የአንድ ሄክታር ልምምድ እንለዋለን። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። የከተማችን መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል ስሌት አለው። ስሌቱ ለከተማ እንጂ ለአንድ ቁራጭ መሬት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የፕላን ባለሙያዎቻችን እንዳትቆጡኝ፣ ለክፍል ልምምድ ነው። ስለዚህ ለቤት የሚቀረው 4,000 ካሬ ሜትር ነው። እዚያ ላይ ዛሬ 200 ቤተሰብ ይኖራል እንበል። ለልጆቹ የምንሰጠው ሕግ አንድ ነው፦ ማንንም ከዚያ ማውጣት አይቻልም።

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 40 ካሬ ሜትር ቢሰጥ 8,000 ይሆናል። ለደረጃና ለኮሪደር 2,000 ሲጨመር 10,000። በጂ ፕላስ አራት፣ ማለትም በአምስት ወለል ሲካፈል መሬት ላይ የሚያርፈው 2,000 ብቻ ነው። ክፍሉ በዚህ ጊዜ ይነቃል። ሁሉም ሰው ተመልሶ ይገባል፣ 2,000 ካሬ ሜትርም ይተርፋል! ወዲያው ግን ክርክሩ ይጀምራል። ሊፍት የለም፤ አያቴ አራተኛ ፎቅ እንዴት ትወጣለች? እንጀራ የት ይጋገራል? በግ የት ይታረዳል? ጉሊት የምትሸጠው እናት ሦስተኛ ፎቅ ሆና ለማን ትሸጣለች? የግንባታውን ዋጋስ ማን ይከፍላል? የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙን ያስጀመሩ ሰዎች የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ የጨመሩት እኮ እነዚህኑ ጥያቄዎች አስበው ነበር። አንዳንዱ ቦታ ላይ ዛሬም ለታሰበለት ሥራ ይውላል። ሌላው ቦታ ላይ ምን እንደሆነ ልጆቹ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

የጉብኝት ነገርን ባጭሩ ልበል። ራስ ብሩ ቤት ቅርብ ነው፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም ስለሆነ ለማስገባትም ይቀላል። ጣይቱ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. እሳት ቢያገኘውም ዛሬም አለ፤ የቆየ የእንጨት ሥራ ከእሳት ጋር ምን ያህል ጠላት እንደሆነ እዚያው ቆሞ ማስረዳት ይቻላል። አፍሪካ አዳራሽ ፈቃድ ቀድሞ ይጠየቅበታል። ድካሙ ግን አያስቆጭም። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ከብዙ ዓመት እድሳት በኋላ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ሥር ቆሞ ቀና ያለ ልጅ፣ መልሶ ማልማት ማለት ማፍረስ ብቻ እንዳልሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ልጆችን ወደሚፈርስ ቦታ መውሰድ ግን ክልክል ነው። ሄልሜት አላቸው፣ ከሩቅ ነው የሚያዩት የሚል ምክንያት አንቀበልም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ልጅ እጁን ያወጣል። «የእኛ ቤት ይፈርሳል ወይ?» ይላል። አደራ፣ እዚህ ላይ አትገምቱ። የማታውቁትን «አይዞህ፣ አይነካም» ብላችሁ አታጽናኑ። «ልማት ነው፣ መታገሥ ነው» ብላችሁም አትስበኩ። መልሱ የት እንዳለ አሳዩት። የትኛው ቢሮ ይጠየቃል? ምን ወረቀት ይታያል? እናቱ ወይም አባቱ ምን ማስረጃ መያዝ አለባቸው? የቀበሌ ቤት ተከራይና የግል ባለይዞታ አንድ ዓይነት መብት የላቸውም፤ ልጁ ቤተሰቡ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ከመካከላችን የመልሶ ማልማት ፕሮጀክቶች አማካሪ የሆኑ አሉ። ነውር የለውም፣ እንጀራችን ነው። ግን የምታስተምሩት እናንተ ራሳችሁ ስለምትሠሩበት ሰፈር ከሆነ፣ ገና ስትገቡ ለልጆቹ ንገሯቸው፦ «እዚህ ፕሮጀክት ላይ ይከፈለኛል» በሏቸው። ልጆች ይህን ከሌላ ሰው ከሰሙት ቀጥሎ የምትሉትን አያምኑም። ትክክልም ናቸው። የሥነ ምግባር ኮሚቴያችን ይህን አንቀጽ ወደ ደንቡ እንዲገባ አቅርቦታል፤ እኔ እደግፈዋለሁ፣ የምትቃወሙ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ እንከራከራለን።

ስለ አቀራረብም አንድ ነገር። መቶ ስላይድ ይዛችሁ አትሂዱ። ዱባይንና ሲንጋፖርን አሳይታችሁ «አያችሁ?» አትበሉ። ሴክሽን፣ ማለትም ሕንፃው ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል፣ ምን እንደሆነ ማስረዳት ከፈለጋችሁ ድፎ ዳቦ ይዛችሁ ግቡ፣ ለሁለት ቁረጡት፣ ውስጡን አሳዩ። ከዚያ ይበላል፤ የዚያ ቀን ትምህርት አይረሳም። ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ ሜትር ይበቃል። ኮምፒዩተር የሌለው ትምህርት ቤት ለዚህ ሥራ አይጎድልበትም።

ለመምህራን ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁናል፣ አንዳንዴም ዘግይተን ስንመጣ ክፍሉን ይዛችሁ ቆይታችኋል። የእድር ዳኞች ደግሞ የሰፈሩን ታሪክ ለልጆቹ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ፤ እኛ የምንሠራው መስመሩን ብቻ ነው። ወላጆችን ማሳመን ባቃተን ጊዜም የእናንተ አንድ ቃል በር ይከፍትልናል።

አዳራሹ ጀርባ በግድግዳው ላይ የተማሪዎቹ ሥራዎች ተሰቅለዋል። በሻይ ሰዓት እዩአቸው። የፈለጋችሁትን አስተያየት ጻፉላቸው፣ ግን እርሳስ ተጠቀሙ፤ ወረቀቶቹ ይመለሱላቸዋል። ለመጪው ዓመት በየትምህርት ቤቱ የምትመደቡ አባላት ስማችሁን ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ባለው መዝገብ አስመዝግቡ። የቀረው ክፍት ቦታ በብዛት ከመሀል ከተማ የተነሡ ልጆች ባሉባቸው ዳር ዳር ትምህርት ቤቶች ነው። መንገዱ ይርቃል፣ ትራንስፖርት ማኅበሩ ይሸፍናል።

በዚሁ ጉባኤው መከፈቱን አበስራለሁ። ወደ መጀመሪያው አጀንዳ እንለፍ፤ ሂሳብ ሹማችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።