«ያልተገደበ» የተባለው ዳታ የት ላይ ይገደባል?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ታብሌት፤ የቪዲዮ ጥሪ ተከፍቷል]

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቃል ነው። «ያልተገደበ» ስለሚለው ቃል።

ባለፈው ወር፣ እሑድ ጠዋት፣ እዚህ ሜሪላንድ ቤቴ ቁጭ ብዬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለችው እናቴ ጋር በቪዲዮ እየተጨዋወትን ነበር። እሷ ዘንድ አመሻሽ ነው፤ ቡና አፍልታለች። ፊቷን ሰፋ አድርጌ ለማየት ብዬ ታብሌቱን ከስልኬ ሆትስፖት ጋር፣ ማለትም ስልኬ ኢንተርኔቱን ለሌላ መሣሪያ ከሚያካፍልበት ጋር፣ አገናኝቼዋለሁ። ስኒውን አንስታ ወደ አፏ ስታስጠጋ ምስሉ ቀጥ አለ። ስኒው እጇ ላይ ቀረ፣ ከንፈሯ ግማሽ ተከፍቶ ቀረ፣ ድምጿ ብቻ እየተቆራረጠ «ልጄ፣ ትሰማኛለህ? ልጄ?» ይላል። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። እንደገና ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትኩ። በመጨረሻ ታብሌቱን ወደ ጎን ትቼ በዚያው በስልኬ ደወልኩላት። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ቡናዋን ጠጥታ ጨርሳ ሁለተኛውን እየቀዳች ነበር።

ይህን አስተውሉልኝ። ክፍሉ ያው ነው። ሰዓቱ ያው ነው። ሲም ካርዱም ያው ነው። በየወሩ «ያልተገደበ» ተብሎ የምከፍልበት መስመር ያው ነው። በስልኩ ይሠራል፤ ከስልኩ ወደ ታብሌቱ ሲሻገር ይሞታል። ውሌን ከኢሜይሌ ፈልጌ አወጣሁ። ከትልቁ ቃል ሥር፣ በደቃቅ ግራጫ ፊደል፣ ሆትስፖት እስከ 10 ጊጋ ባይት በሙሉ ፍጥነት ይላል፤ ከዚያ በኋላ በ128 ኪሎ ቢት በሰከንድ። አሥሩን ጊጋ ልጆቼ ለትምህርት ቤት ሥራቸው ጨርሰውታል። ለእናቴ የተረፈው 128 ነው።

እና ጥያቄው፦ ያልተገደበ ዳታ ገደብ አለው ወይ? አለው። እንዲያውም አንድ ብቻ አይደለም። ግን ገደቡ እኛ የምንፈልገው ቦታ ላይ አይደለም ያለው። እኛ የምንፈልገው ጊጋው ላይ ነው፤ የተቀመጠው ደግሞ ፍጥነቱ ላይ ነው። ይህን ለማስረዳት ቦኖ ውሃ ዘንድ ልውሰዳችሁ። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ ቦኖው ከገባችሁ ግን የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

[ምስል፦ ዳገት ላይ የተደረደሩ ቢጫ ጄሪካኖች]

እኔ ያደግኩበት ሰፈር አንድ ቦኖ ነበረች። ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ቧንቧ። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካኖች ከቧንቧው ሥር ጀምረው እስከ ዳገቱ ይደረደራሉ። ሰውየው ሥራ ሲሄድ ጄሪካኑ ይሰለፍለታል። ጄሪካን ያላደረሰ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ የድንጋዩም ተራ ይከበራል። ይህን ያየ ሰው የሞባይል ኔትወርክን ግማሹን አውቆታል።

አሁን የቦኖዋ ጠባቂ አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፈች እንበል፦ «በወር 300 ብር ክፈሉ፣ ያልተገደበ ውሃ ቅዱ።» ሰፈሩ ደስ አለው። እናንተም ከፈላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚቆጥር የለም፤ ትቀዳላችሁ፣ ትሸከማላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። ግን ጠባቂዋ በልቧ ትቆጥራለች። ሃምሳኛው ጄሪካን ላይ ስትደርሱ እጇን ታነሳለች፦ «ቅዳ፣ አልከለክልህም። ሌላ ሰው ካለ ግን ከሁሉም ኋላ ትሰለፋለህ።» ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰፈሩ በሙሉ ልብስ ለማጠብ ሲወጣ፣ እናንተ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ትቆማላችሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብትመጡ ግን ማንም የለም፤ ውሃው እንደ መጀመሪያው ቀን እየተንፎለፎለ ይወርዳል። ይህ አንደኛው ገደብ ነው፤ ወደ ኋላ ማሰለፍ እንበለው።

ሁለተኛው ይከፋል። ሃምሳኛው ጄሪካን ላይ ጠባቂዋ ከዋናው ቧንቧ ታስነሳችሁና ወደ ጓሮ ትወስዳችኋለች። እዚያ ሌላ ቧንቧ አለ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል። ሰው ይኑር አይኑር ለውጥ የለውም። በእኩለ ሌሊት ብቻችሁን ብትመጡም ጠብ፣ ጠብ ነው። አንዱ ጄሪካን እስኪሞላ ሌሊቱ ይነጋል። ብትጮኹባት መልሷ ዝግጁ ነው፦ «ውሃ ከለከልኩህ? ይኸው እየወረደ።» እውነቷን ነው፤ እየወረደ ነው። ይህ ሁለተኛው ገደብ ነው፤ ፍጥነት መቁረጥ። የእናቴን ስኒ እጇ ላይ ያስቀረው ይህ ነው።

ሦስተኛው ዕቃችሁን አይቶ የሚገድብ ነው። በጣሳ ለመጣ ቧንቧው ሙሉ ይከፈታል፤ በርሜል ለያዘ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግማሽ ብቻ። በርሜሉ ቪዲዮ ነው። አሜሪካ ውስጥ በርካታ ርካሽ ያልተገደቡ ጥቅሎች ቪዲዮን በ480፣ ዝቅ ባለ የምስል ጥራት፣ ብቻ ያሳያሉ፤ የምትመለከቱት ፊልም የደበዘዘው ዓይናችሁ ደክሞ አይደለም። ከቦኖው ጎማ ዘርግታችሁ ለጎረቤት ስታሻግሩ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፤ እሱ ሆትስፖት ነው።

ስልካችሁ ጥግ ላይ ያሉት አራት አሞሌዎችስ? እነሱ የሚነግሯችሁ ቤታችሁ ለቦኖው ምን ያህል እንደሚቀርብ ነው። ስለ ወረፋው አንዲት ቃል አይናገሩም። አሞሌው ሙሉ ሆኖ ምንም ሲያቅተው «ስልኩ ተበላሽቷል» ብለው አዲስ ስልክ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ። አዲሱንም ይዘው እዚያው ወረፋ ውስጥ ነው የገቡት።

ቴክኒኩን በፍጥነት ልለፈው፤ ስለ ኔትወርክ ማማዎች የሠራነውን ቪዲዮ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያላያችሁ ከዚህ በኋላ እሱን እዩልኝ። አንድ ማማ የሚያስተናግደው የሬዲዮ ሞገድ ውስን ነው፤ በሥሩ ያለው ስልክ ሁሉ ይካፈለዋል። ኔትወርኩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የቅድሚያ ደረጃ ይሰጣል፤ ማማው ሲጨናነቅ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ይጠብቃል። ፍጥነት መቁረጥ ግን ማማው ላይ ሳይሆን የኩባንያው ኔትወርክ ከኢንተርኔት በሚገናኝበት በር ላይ የሚፈጸም ነው፤ ስለዚህ ሰፈር ብትቀይሩም ይከተላችኋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ወረቀትና እርሳስ አውጡ። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ 128 ኪሎ ቢት በሰከንድ ማለት 16 ኪሎ ባይት በሰከንድ ማለት ነው። 3 ሜጋ ባይት የሆነች አንዲት ፎቶግራፍ ሦስት ደቂቃ ትወስዳለች። ሳትተኙ፣ ሳትበሉ፣ ወሩን ሙሉ፣ 30 ቀንና 30 ሌሊት ስልኩ እያወረደ ቢያድር የሚደርሰው 41 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። ከዚያ በላይ መውሰድ አይቻልም፤ ወሩ ያልቃል። ፍጥነትን የገደበ መጠንን ገድቧል ማለት ነው። «መጠኑ ያልተገደበ ነው፣ ፍጥነቱ ብቻ ይቀንሳል» የሚለው አነጋገር የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው።

[ስክሪን ላይ፦ «ቪፒኤን ካበራሁ አይቆጠርብኝም»]

እዚህ ላይ ልቁም፤ ምክንያቱም ባለፈው ቪዲዮ ሥር ይህንን የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ፣ እርስ በርሳችሁም እየተመካከራችሁበት ነው። ቪፒኤን፣ ኢንተርኔት ላይ የምትሠሩትን ከኩባንያው ዓይን የሚሸፍነው መተግበሪያ፣ ከበራ ኩባንያው ዳታውን አያየውም፣ ስለዚህ አይቆጥረውም ትላላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ለዚህ ብላችሁ በየወሩ ለቪፒኤን ገንዘብ ትከፍላላችሁ።

ተመለሱ ወደ ቦኖው። ቪፒኤን ማለት ጄሪካኑን በጆንያ ሸፍኖ መሸከም ነው። ጠባቂዋ ውስጡ ያለውን አታይም። ውሃው ለወጥ ይሁን ለልብስ አታውቅም። ጄሪካኑን ግን ታያለች! ክብደቱን ታያለች! ሃምሳው ሲሞላ ሃምሳ ትላለች። ኩባንያው የሚቆጥረው በመስመራችሁ ላይ ያለፈውን ባይት ነው፤ የተሸፈነም ሆነ ያልተሸፈነ ባይት ባይት ነው። እንዲያውም ጆንያው ራሱ ክብደት አለው፤ ቪፒኤን ሲበራ የምትጠቀሙት ዳታ በጥቂቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የተናገራችሁት ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም፤ ለተመልካቾቼ እውነቱን መናገር አለብኝ። የሦስተኛው ገደብ፣ የበርሜሉ፣ ጉዳይ ሲሆን ጠባቂዋ ቪዲዮ መሆኑን ካላወቀች በግማሽ ልትከፍተው አትችልም። ስለዚህ ቪፒኤን ከፍቶ ቪዲዮው የጠራለት ሰው አልዋሸም። ያ ሰው ግን ጥርት ያለውን ቪዲዮ ሲያይ በሰዓት ከሁለት ጊጋ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ወደ ሃምሳኛው ጄሪካን እየሮጠ ነው። በወሩ በ15ኛው ቀን «ቪፒኤኑ መሥራት አቆመ» ብሎ ይጽፍልኛል። ቪፒኤኑ አላቆመም፤ ወረፋው ኋላ ደርሶ ነው።

ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ቆጠራውን እንደማይመልሰውም ልጨምር። ቆጠራው ያለው በኩባንያው መዝገብ ነው፤ ስልካችሁ ኪስ ውስጥ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሕጉ። ኩባንያዎቹ ይህን ማድረግ ይችላሉ ወይ? አሜሪካ ውስጥ ይችላሉ፤ ከነገሯችሁ። ክርክሩ ሁልጊዜ «ነግረውናል ወይ?» የሚለው ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ትልቅ የስልክ ኩባንያ ያልተገደበ ዳታ ብሎ ውል የገቡ ደንበኞቹን ፍጥነት ከ2011 ጀምሮ ይቀንስ ነበር፤ አንዳንዶቹን በወር 2 ጊጋ ባይት ብቻ እንደተጠቀሙ። ሸማቾችን የሚጠብቀው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ በ2014 ከሰሰው፤ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተነክተዋል አለ። ጉዳዩ አምስት ዓመት ፈጅቶ በ2019 በ60 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ ሌላው የስምምነቱ ክፍል ነው፦ ኩባንያው ገደቡን በግልጽ እንዲናገር፣ በደቃቅ ጽሑፍ ወይም በማስፈንጠሪያ ጀርባ እንዳይደብቀው ታዘዘ። ትራክፎን የተባለው የስልክ ኩባንያም በ2015 በተመሳሳይ ጉዳይ ለደንበኞች ተመላሽ የሚሆን 40 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ስትሬት ቶክ የሚባለው መስመር የእሱ ነው። ያለ ውልና ያለ ብድር ታሪክ የሚሸጥ፣ አዲስ የመጣ ሰው በቀላሉ ዋልማርት ገብቶ የሚገዛው መስመር ነው። ፍጥነት መቀነስ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱን ደንበኛ 4 ወይም 5 ጊጋ ላይ ጭራሽ ይቆርጠው ነበር። «ያልተገደበ» ብሎ ሸጦ!

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የእሳቱ ታሪክ ነው። በ2018 በጋ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሜንዶሲኖ ኮምፕሌክስ የተባለው ሰደድ እሳት ሲነድ፣ በግዛቲቱ እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ እሳት ነበር፣ የሳንታ ክላራ አውራጃ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የዕዝ መኪና አሰማርተዋል። መኪናው የት ማን እንዳለ፣ ምን እንደሚላክ የሚያቀናብረው በኢንተርኔት ነው። መስመሩ ቬራይዘን ከተባለው የስልክ ኩባንያ የተገዛ፣ «ያልተገደበ» የተባለ። ገደቡን አለፈና ፍጥነቱ ተቆረጠ። የመምሪያው ኃላፊ ለፍርድ ቤት በሰጡት ቃል ፍጥነቱ ከቀድሞው ሁለት መቶ እጅ ወደ አንዱ ወርዶ ነበር። ፍጥነቱን መልሱልን ብለው ሲለምኑ የተሰጣቸው መልስ ወደ ውድ ጥቅል ቀይሩ የሚል ነው። እሳቱ እየነደደ ሠራተኞቹ በግል ስልኮቻቸው ሠሩ። ኩባንያው በኋላ፣ በአደጋ ጊዜ ገደቡ መነሳት እንደነበረበት፣ የደንበኞች አገልግሎቱ እንደተሳሳተ አምኗል። እሳት አጥፊ የሚያሰለፍ ሕግ ያለው ቦኖ አይቼ አላውቅም። ሰፈራችን ቤት ሲቃጠል ጄሪካኑ ሁሉ ወደ ጎን ይነሳ ነበር።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ገደብ ማስቀመጥ ነውር አይደለም፤ ሞገዱ ውስን ነው፣ ወረፋም ያስፈልጋል። ነውሩ ቃሉ ላይ ነው። «50 ጊጋ በሙሉ ፍጥነት፣ ከዚያ በዝግታ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለምን አይጻፍም?

አሜሪካ ያላችሁ አንድ መሣሪያ አላችሁ። ከ2024 ጀምሮ ትልልቅ ኩባንያዎች ጥቅል በሚሸጡበት ቦታ ሁሉ በምግብ ማሸጊያ ላይ የምናየውን ሰንጠረዥ የመሰለ መግለጫ እንዲያሳዩ ግዴታ አለባቸው፤ ዋጋው፣ የተለመደው ፍጥነት፣ የዳታው መጠን እዚያ ላይ ይጻፋል። ሻጩን እሱን አሳየኝ በሉት። ከዚያ ጠይቁት፦ ከስንት ጊጋ በኋላ? ወደ ኋላ እሰለፋለሁ ወይስ ይቆረጥብኛል? ከተቆረጠ ወደ ስንት? ሆትስፖቱስ? «አይ፣ ያልተገደበ ነው» ብሎ ከመለሰላችሁ ጥያቄውን ድገሙለት። አገር ቤት ያላችሁም፣ ያልተገደበ ጥቅል ስትገዙ ያው ጥያቄ ይሠራል።

እኔ መስመሬን ገና አልቀየርኩም፤ ሦስት ኩባንያዎች እያወዳደርኩ ነው፣ ውጤቱን በሚቀጥለው ቪዲዮ አሳያችኋለሁ። እንዳያመልጣችሁ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ። እስከዚያው የውላችሁን ደቃቅ ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ስማችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን ግን በጣታችሁ ሸፍኑት። እሑድ እናቴ ጋር የምደውለው በስልኩ ነው።