አንዱ እንዴት ብዙ ሆነ? ብራህማን እና የፍጹም ህላዌ ጥያቄ

(ምስል፦ ውሃ ያለበት ብርጭቆ፤ ቁራሽ ጨው ይገባበታል)

ጨዉን ውሃ ውስጥ ጨምሩና ይደር። ጠዋት ልታወጡት ብትፈልጉ አታገኙትም። ከላይ ቅመሱ፣ ከመሃል ቅመሱ፣ ከታች ቅመሱ፤ ሁሉም ጨው ጨው ይላል። በጥንታዊው የሕንድ ቅዱስ መጽሐፍ፣ በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ 6ኛ ምዕራፍ፣ ኡዳላካ ለልጁ ለሽቬታኬቱ ያሠራው ሙከራ ይህ ነው። ልጁ 12 ዓመት ቬዳን፣ የሂንዱዎችን ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ተምሮ በ24 ዓመቱ ኩራቱን ይዞ መመለሱ ነበር።

አባት ማሳየት የፈለገው በሁሉም ውስጥ እያለ የማይታየውን "ሳት"ን፣ ማለትም "ያለ"ን ነው። አንድ ነው፤ ሁለተኛ የለውም። "ከሌለ ነገር ያለ ነገር እንዴት ይወለዳል?" ብሎም ይጠይቃል። "እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ" ለለመደ ጆሮ ጥያቄው ራሱ እንግዳ ነው። ኡፓኒሻዶችን የሚተረጉሙት የቬዳንታ ሊቃውንት ይህን "ያለ" ብራህማን ብለው ይፈቱታል።

(ምስል፦ ወተት ወደ እርጎ ሲለወጥ)

ጣጣው እዚህ ይጀምራል። ብራህማን ወተት እርጎ እንደሚሆነው ሁሉ ዓለምን ሆነ ካልን፣ ወተቱ አልቋል። ከፊሉ ብቻ ተለወጠ ካልን፣ ክፍል የሌለውን ቆራረስነው። ጨርሶ አልተለወጠም ካልን ደግሞ ይህ ሁሉ ላም፣ ተራራና ሰው ከየት መጣ?

(ምስል፦ በምሽት መንገድ ላይ የወደቀ ገመድ)

በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የኖረው የቬዳንታ ሊቅ ሻንካራ መልሱን ከገመድ አመጣው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ በድንግዝግዝ ገመዱ እባብ መሰለን። እባቡ ፈጽሞ የለም እንዳንል አስደንግጦናል፤ አለ እንዳንል መብራት ሲመጣ ጠፋ። ዓለምም እንዲሁ ናት፤ አለችም የለችም አትባልም። ብዙ ሰው "ሻንካራ ዓለም ቅዠት ናት ብሏል" ብሎ ያልፈዋል፤ ስህተት ነው። እርሱ የሕልምን፣ የነቃ ሰው ዕለታዊ ኑሮንና የብራህማንን እውነትነት በአንድ ሚዛን አይመዝንም።

ከእርሱ በኋላ በደቡብ ሕንድ የተነሣው ሌላው የቬዳንታ ሊቅ ራማኑጃ ግን የማያፈናፍን ጥያቄ ሰነዘረ፦ ገመዱን እባብ ያስመሰለው አለማወቅ፣ "አቪድያ"፣ የማን ነው? የብራህማን እንዳይባል ብራህማን ዕውቀት ራሱ ነው። የግለሰቧ ነፍስ እንዳይባል፣ ነፍሲቱ ለብቻዋ መቆጠሯ የዚያው አለማወቅ ውጤት ነው። ልጅ እናቱን ወለደ እንደማለት። የራሱ መፍትሔ ዓለምና ነፍሳት የብራህማን አካል ናቸው የሚል ነው፤ ልጅነትና እርጅና ሥጋን እንጂ ነፍስን እንደማይነካ፣ ለውጡም አካሉ ላይ ይቀራል።

የሻንካራ ወገኖች በዚሁ ጥያቄ ለሁለት ተከፈሉ። የባማቲ ወገን "የነፍስ ነው፤ እንደ ዘርና ቡቃያ መነሻ የለውም" አለ። ይህ ጥያቄውን ወደ ኋላ መግፋት ይመስላል። የቪቫራና ወገን ደፈር ብሎ "በብራህማን ላይ ነው" አለ፤ ምክንያቱም ንጹሕ ዕውቀት አለማወቅን ያበራዋል እንጂ አያጠፋውም። አጥፊው አእምሮ ውስጥ ቅርጽ ይዞ የሚነሣው ዕውቀት ነው።

(ምስል፦ ጭድ በፀሐይ፤ ቀጥሎ ማጉያ መነጽር)

ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ጭዱ ላይ ብታርፍ አታነደውም። ያው ብርሃን በመነጽር ሲያልፍ ግን ጭዱ ይጨሳል።