ኦርኪድ ስትገዙ እናትና አባቷን ጠይቁ

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ ቤት አይደለሁም። ቀበና ነኝ፤ ኦርኪድ ብቻ የሚያለሙ የአንድ ጋሼ ግቢ ውስጥ። "ስሜን እንዳትጠራ፣ ሰው በሬን ያንኳኳብኛል" ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እንላቸዋለን።

(ካሜራው ወደ አንዷ ማሰሮ ይጠጋል)

ይቺን ተመልከቱልኝ። አበባዋን አይደለም፤ አበባዋን ተዉት! ሥሯ አጠገብ የተሰካችውን ነጭ ፕላስቲክ። በእርሳስ ነው የተጻፈባት። ለምን በእርሳስ? እስክሪብቶ ፀሐይ ሲመታው ይጠፋል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። ድቅል ኦርኪድ ስትገዙ ከከፈላችሁት ግማሹ ለዚች ካርድ ነው።

ድቅል ነው ያልኩት፣ ልብ በሉ። ባለፈው "ዲቃላ" ብዬ ኮሜንት ላይ የወረደብኝን ስድብ አልረሳሁትም። ድቅል።

እሺ፣ አሁን በቅሎን አምጡልኝ። አዎ፣ በቅሎ! እናቷ ፈረስ፣ አባቷ አህያ። ከአህያ ትፈጥናለች፣ ከፈረስ ይልቅ ዳገት ትችላለች። ከሁለቱም ደህና ደህናውን ወስዳለች። ማዳቀል ማለት ይኸው ነው። ተረቱን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ነች አለች። አፈረችበት! ምስኪን አህያ።

ኦርኪድ ግን አታፍርም። ካርዷ ላይ መጀመሪያ የእናቷ ስም፣ ቀጥሎ የማባዣ ምልክት፣ ቀጥሎ የአባቷ ስም አለ። እናት ትቀድማለች። አያቶቿን ማወቅ ከፈለጋችሁም ይገኛሉ፤ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር የዓለምን ድቅል ኦርኪዶች መዝግቦ ይይዛል። ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ መሄድ ነው። ሽማግሌ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጥረው! ልዩነቱ፣ እዚህ ዘመድ ተገኘ ተብሎ ሠርግ አይፈርስም።

በሰው እጅ ተዳቅላ ያበበችው የመጀመሪያዋ ኦርኪድ እንግሊዝ አገር ነው ያበበችው፣ እ.ኤ.አ. በ1856። አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በዓመቱ ማለት ነው።

በቅሎና ኦርኪድ የሚለያዩበት ቦታ ደግሞ አለ። በቅሎ አትወልድም፤ ዘሯ እሷ ላይ ያበቃል። ድቅል ኦርኪድ ግን ብዙ ጊዜ ትወልዳለች፣ ልጇም ከሌላ ይዳቀላል፣ የልጅ ልጇም። የካርዱ ስም እየረዘመ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ ልበልላችሁ። የኦርኪድ ዘር አቧራ ነው የሚመስለው፤ ቡቃያውን የሚመግብ ስንቅ የለውም። ስለዚህ ጠርሙስ ውስጥ፣ ስኳር ባለው ምግብ ላይ ይበቅላል። ከአንድ ፍሬ የወጡ ልጆች ሁሉ አንድ ስም ይጋራሉ፣ መልካቸው ግን እንደ ወንድምና እህት ይለያያል። ከመካከላቸው አንዷ ከበለጠች የራሷ ስም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይጨመርላታል። እሷን በላብራቶሪ ማባዛት ይቻላል፤ ልክ ከአንድ እንሰት ሥር ብዙ ችግኝ እንደሚወጣው፣ ሁሉም እናታቸውን ነው የሚመስሉት። አለቀ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ እዚህ ጋ አድርጉ።

አሁን ወደ ዋጋ ልገባ ነበር። ግን ኮሜንቱን ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም። ቢያንስ አሥር ሰው ጠይቆኛል፦ "ያ ደማቅ ሰማያዊ ኦርኪድ የምን ድቅል ነው?"

የምንም አይደለም። ቀለም ነው! ፋሌኖፕሲስ የምትባለውን የኦርኪድ ዓይነት፣ ነጯን ወስደው፣ ገና እምቡጥ ሳለች፣ የአበባ ግንዷን ወግተው ቀለም ይሰጧታል። ቀለሙን ከውኃው ጋር ትመጠዋለች። የሚቀጥለው አበባ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሰው ደግሞ "ውኃው ነው፣ ማዳበሪያው ነው" ይላል። እኔም ለእናቴ ልደት አንድ ገዝቼ ነበር። በዓመቱ ደውላ "ልጄ፣ አበባህ ሸበተ" አለችኝ። እስካሁን ትስቅብኛለች። ግንዷን በጣታችሁ ዳብሱ፤ በሰም የተደፈነች ጠባሳ ካገኛችሁ፣ መርፌው የገባው በዚያ ነው።

እውነተኛ ሰማያዊ የለም ወይ? የሚቀርበው አለ። ቫንዳ የምትባል ወገን ውስጥ ሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ዝርያ አለች፤ ልጆቿም ያንን ይወርሳሉ። ግን የግድግዳ ቀለም የመሰለ ሰማያዊ ካያችሁ፣ ዝም ብላችሁ እለፉ።

እና ካርዱ ለምን ይጠቅማል? ለብርድ! ወላጆቿን ካወቃችሁ፣ ብርድ ትችል እንደሆነ ትገምታላችሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሱቁን ሁሉ የሞላችው ፋሌኖፕሲስ ዘሯ የእነ ፊሊፒንስና የእነ ኢንዶኔዢያ ቆላ ነው፤ ሌሊት ከ16 ዲግሪ በታች ከሰነበተች ትኮራመታለች። ሲምቢዲየም የምትባለዋ ሌላ የኦርኪድ ዓይነት ግን ብዙዎቹ ወላጆቿ የሂማላያ ተራራ ልጆች ናቸው። ለማበብ ጭራሽ ቀዝቃዛ ሌሊት ትፈልጋለች። በረንዳ ላይ ልታድር ትችላለች። ሰው ግን ቆንጆ ናት ብሎ ፋሌኖፕሲስ ገዝቶ፣ መስኮት ከፍቶ ያድራል፣ ከዚያ ሻጩን ይራገማል።

እኔ ሲምቢዲየም መርጫለሁ። ዋጋዋን አልነግራችሁም፤ እናቴ ይህን ቻናል ታያለች። ጋሼ ከማሰሮው አውጥተው ሥሯን አሳዩኝ፤ ነጭና ጠንካራ፣ ሲጫኑት የማይላሽቅ። ከጎኗም አዲስ ቀንበጥ ብቅ ብሏል።

"አበባ ላይ ያለችውን ብወስድስ?" አልኳቸው።

"አበባው ይረግፋል። ቀንበጡን ውሰድ" አሉኝ።

(ጋሼ ካርዱን በእርሳስ ያደምቁታል)

"ይህን ከጣልክ ግን ተመልሰህ 'ምን ነበረች ስሟ?' እንዳትለኝ!"

እሺ ጋሼ፣ አልጥልም።