«ሊንኩን ነክቼ ኮዱን አስገባሁ፤ አሁን አፑን ላጥፋው?»

በኢንተርኔት የውይይት ቡድኖች፣ በመንግሥት ፖሊሲና በስልክ ደኅንነት ላይ ከአድማጮች የደረሱ ጥያቄዎችና የባለሙያው መልሶች። ረጅሞቹ ጥያቄዎች ለንባብ እንዲመቹ አጥረዋል።

ጥያቄ፦ ዋትስአፕ ቡድን ውስጥ የጻፍኩትን ለሁሉም ማጥፋት የምችለው እስከ መቼ ነው?

መልስ፦ እስከ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ። አንድ ሰው ስክሪንሹት ካነሳው ግን ማጥፋቱ ለእርስዎ የልብ ማረፊያ ከመሆን አያልፍም።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ ስለ ፖሊሲ የምንከራከርበት 900 ሰው ያለው ቡድን አለን። የምንጽፈውን ድርጅቱ ማየት ይችላል?

መልስ፦ ማየት ይችላል ወይ ከሆነ፣ አዎ። ያያል ወይ ከሆነ፣ ሌላ ጥያቄ ነው። የቴሌግራም ተራ ቻትና ቡድን የሚቀመጠው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው፤ መልእክቱ የተመሰጠረ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ የተቆለፈ ቢሆንም ቁልፉ ያለው በድርጅቱ እጅ ነው። በጽሑፍ መልእክት በኩል ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለቡድን አይሠራም። ዋትስአፕና ሲግናል የሚባለው ሌላ የመልእክት አፕ ግን ቡድኑንም እንዲህ ይመሰጥራሉ።

ይህን ሰምታችሁ ወደ ዋትስአፕ ለመዛወር አትጣደፉ። ከ900 ሰው አንዱ «ሪፖርት» የሚለውን ከነካ እስከ አምስት የሚደርሱ የመጨረሻ መልእክቶች ለድርጅቱ ይላካሉ። 900 ሰው ያለበት ቦታ አደባባይ ነው፤ አደባባይ ላይ የማትናገሩትን እዚያም አትጻፉ።

ጥያቄ፦ የማውቃት ሴት በቴሌግራም «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ» ብላ ሊንክ ላከችልኝ። ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ፣ ሞላሁ። ኮድ መጣልኝ፣ እሱንም አስገባሁ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ በእኔ ስም ሰው ሁሉ ገንዘብ እየተጠየቀ እንደሆነ ሰማሁ። የማስተዳድረው ቡድንም አለኝ። አፑን ላጥፋው?

መልስ፦ አያጥፉት! እህቴ፣ ሰምተው እስኪጨርሱ ስልኩን አይንኩ። ሌሎቻችሁም ድምፁን ጨምሩት፤ በየሳምንቱ የምመልሰው ጥያቄ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሆነውን እንወቅ። ያ ገጽ ድምፅ መስጫ አልነበረም። ቁጥርዎን ሲሞሉ ሌባው በራሱ መሣሪያ ላይ ቴሌግራም ከፍቶ ያንኑ ቁጥር ያስገባል። ቴሌግራም የአካውንቱ ባለቤት የገባች መስሎት ኮዱን ወደ እርስዎ ይልካል፤ እርስዎ ገጹ ላይ ሲጽፉት ሌባው ያነበዋል፣ ይገባል። ሊንኩን የላከችው ወዳጅዎም አልላከችውም፤ ቀድማ በዚሁ መንገድ ተጠልፋለች። «ኮዱን ለምን እንደ ድሮው በቻት ላኪልኝ አላለኝም?» የሚል ካለ፣ ቴሌግራም ኮዱ ያለበት መልእክት በቴሌግራም ለሌላ ሰው ሲላክ ካየ ኮዱን ያከሽፈዋል። ሌባ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ወይ ገጽ ያዘጋጃል፣ ወይ ደውሎ «በቃል ንገሪኝ» ይላል። ኮድ አይሰጥም። በቃልም፣ በገጽም፣ ለእኔም ቢሆን አይሰጥም።

አሁን ለምን አፑ አይጠፋም? አዲስ የገባ መሣሪያ የቆዩትን መሣሪያዎች ማስወጣት የሚፈቀድለት ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ የመጀመሪያ ቀን የበላይነቱ በእርስዎ ስልክ ላይ ነው። እርስዎ ሌባውን ማስወጣት ይችላሉ፣ እሱ እርስዎን አይችልም። አፑን አጥፍተው እንደገና ሲጭኑ ግን አዲስ ገቢ ይሆናሉ፣ ቀዳሚው እሱ። ሰው ደንግጦ አካውንቱን በገዛ እጁ የሚያስረክበው እዚህ ላይ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ፣ «ዲቫይስስ» የሚለውን ይክፈቱ። የገቡ መሣሪያዎች ከነስማቸውና ከነአገራቸው ተደርድረው ያገኛሉ። «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» ይበሉ። የራስዎ ኮምፒውተርም አብሮ ይወጣል፤ ይውጣ፣ በኋላ ይመልሱታል። ይህን ለማድረግ ምንም የይለፍ ቃል አይጠየቁም።

ወዲያው ወደ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ሄደው «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። ከዚህ በኋላ ኮዱ ብቻውን አያስገባም፣ የእርስዎ የይለፍ ቃልም ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉን የሚያስታውስ ፍንጭ («ሂንት») ሲጠይቅዎ ራሱን የይለፍ ቃሉን የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ እባክዎን። ማስመለሻ ኢሜይል ሲጠይቅ የራስዎን፣ የሚከፍቱትን፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁትን ይስጡ። ስልክ የሸጠልዎ ልጅ የከፈተልዎን ኢሜይል አይስጡ። ሌባው ቀድሞ የራሱን የይለፍ ቃል አኑሮ ከሆነ ያንን ለማስነሳት «ሪሴት» ጠይቀው ሰባት ቀን ይጠብቃሉ። በእነዚያ ሰባት ቀናት ከስልክዎ አይውጡ፣ የሚመጣልዎትን ኮድም ለማንም አይስጡ።

ቀጥሎ ቡድኑ። የአስተዳዳሪዎችን ዝርዝር ከፍተው አንድ በአንድ ይዩ። ሌባ በወጣበት ለመመለስ የራሱን ሌላ አካውንት ወይም አንድ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) አስተዳዳሪ አድርጎ ይተዋል። የማያውቁትን ሁሉ ያንሱ። ባለቤትነቱን ወስዶብኝ ይሆን ብለው አይሸበሩ፤ ባለቤትነት ለማዛወር ባለሁለት ደረጃው ማረጋገጫ ከሰባት ቀን በፊት የበራ መሆን አለበት፣ መሣሪያውም ከገባ 24 ሰዓት ያለፈው መሆን አለበት። በአንድ ሌሊት አይሆንለትም።

መጨረሻ ላይ ለሰዎቹ በድምፅ ይደውሉ። በጽሑፍ «እኔ ነኝ፣ ተጠልፌ ነበር» ቢሉ ማን ያምናል? ሌባውም እንደዚያው ይጽፋል። ገንዘብ የላከ ካለ ዛሬውኑ ወደ ባንኩ ይደውል፣ ለፖሊስም ያመልክት፤ ያ ከእኔ አቅም በላይ ነው።

ያልተጠለፋችሁ፣ ይህን እያዳመጣችሁ ባለሁለት ደረጃውን አብሩ። ሳይቃጠል በቅጠል።

ጥያቄ፦ በቡድናችን ባደረግነው ምርጫ 91 በመቶው አዲሱን ፖሊሲ ተቃውሟል። «ሕዝቡ ተቃወመ» ብለን መጻፍ እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። «የቡድናችን መልስ ሰጪዎች» ብላችሁ ጻፉ፣ ቁጥራቸውንም አስቀምጡ። በ1936 እ.ኤ.አ. ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል የአሜሪካ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው መጠይቅ ልኮ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ነበር። በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጠይቁ ከተላከላቸው ብዙዎቹ ስማቸው የተገኘው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ አስቡት። ከተላከላቸውም የመለሰው ነገሩ ያንገበገበው ነው። በዚያው ምርጫ የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጋለፕ እጅግ ባነሰ፣ ነገር ግን በታሰበበት ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። የቁጥር ብዛት የተዛባን ናሙና አያቃናም። የእናንተ ቡድን አባላት ደግሞ ገና ሲጀመር በአቋማቸው የተጠራሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ «አዲስ ሕግ ወጣ፣ ከነገ ጀምሮ ይሠራል» የሚል ፎቶ ቡድናችን ውስጥ ተለጠፈ። ግማሹ አመነ፣ ግማሹ ሐሰት ነው አለ።

መልስ፦ በፎቶው ማኅተም አትከራከሩ፤ ማኅተም በስልክ ይሠራል። የሕጉን ቁጥርና ቀን ፈልጉ፣ በይፋዊው የሕግ ጋዜጣ ላይ መታተሙን እዩ። ቁጥር የሌለው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ወይ ረቂቅ ነው ወይ ፈጠራ። ከዚያ መጨረሻ አካባቢ «የሚጸናበት ጊዜ» የሚለውን አንቀጽ አንብቡ፤ መጽደቅና ሥራ ላይ መዋል አንድ አይደሉም። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ የጸደቀው ሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው ግን በግንቦት 25 ቀን 2018 በነሱ አቆጣጠር። ሁለት ዓመት!

ፎቶው «ለዝርዝሩ እዚህ ገብተው ይመዝገቡ» የሚል ሊንክ ካለው ደግሞ ክርክሩ አልቋል። ቀጥሎ የሚመጣው የኮድ ጥያቄ ነው። ኮድ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ በሐሰት ስም ነው የምጽፈው፣ የኢንተርኔት መንገዴን የሚጋርድ ቪፒኤን የሚባል አፕም እጠቀማለሁ። ማንም አያውቀኝም አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አካውንቱን የከፈቱት በስልክ ቁጥርዎ ከሆነ ስምዎ ሐሰት፣ ቁጥሩ እውነት ነው። ቪፒኤን የሚጋርደው ከኢንተርኔት አቅራቢዎ ነው፤ የገቡበት መድረክ ግን ማን እንደሆኑ ያውቃል። ቴሌግራም ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደንብ የጣሱ ሰዎችን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመራቸውን መለያ ቁጥር) በሕጋዊ ጥያቄ ለባለሥልጣናት ሊሰጥ እንደሚችል አስታውቋል።

ከቡድን አባላት መሰወር ከሆነ ፍላጎትዎ፣ «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» ያድርጉ፣ በቁጥርዎ ማን ሊያገኝዎ እንደሚችል የሚለውንም «ማይ ኮንታክትስ» ያድርጉ። ፎቶ ሲልኩ እንደ ፎቶ ይላኩ፤ «ፋይል» ብለው ከላኩት የተነሳበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በላይ የሕይወት ጉዳይ ከሆነ የሬዲዮ ምክር አይበቃዎትም፤ የዲጂታል ደኅንነት ባለሙያ ፊት ለፊት ያማክሩ።

ጥያቄ፦ መንግሥታት ወንጀለኛን ብቻ ለመከታተል የምስጠራ መክፈቻ ቁልፍ ቢኖራቸው ምን ክፋት አለው? ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?

መልስ፦ ሐሳቡ መጥፎ ልብ የለውም፤ ችግሩ ቴክኒኩ ላይ ነው። መሣሪያ በሩን የከፈተው ፖሊስ ይሁን ሌባ መለየት አይችልም። በግሪክ የሆነውን ልንገራችሁ። በአንድ የሞባይል ኩባንያ የስልክ ጥሪ ማገናኛ ሥርዓት ውስጥ ለሕጋዊ ጠለፋ የተዘጋጀ ክፍል ነበር። ማንነታቸው በወቅቱ ያልታወቀ ሰዎች እሱኑ በድብቅ ቀስቅሰው በ2004 እና በ2005 እ.ኤ.አ. ከመቶ በላይ ስልኮችን አዳመጡ። ከተጠለፉት አንዱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስልክ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰርጎ ገቦች የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎችን ሥርዓት በሰፊው ሰብረው ስለገቡ፣ የአገሪቱ ባለሥልጣናት ራሳቸው ሕዝቡን በተመሰጠረ መልእክት ተጠቀሙ ብለው መከሩ። ስለዚህ የመርማሪን ችግር ተረድቼ፣ ለሁሉ የሚሠራ መክፈቻ ይሠራ በሚለው አልስማማም። የተጠርጣሪውን ስልክ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ሌላ ነገር ነው፤ ያ የሁላችንንም በር አይከፍትም።

ጥያቄ፦ አባል በጻፈው ነገር የቡድን አስተዳዳሪ ይጠየቃል?

መልስ፦ እንደየአገሩ ነው። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. የዜና ተቋማት በፌስቡክ ገጻቸው ሥር አንባቢ ለጻፈው አስተያየት «አሳታሚ» ናቸው ብሏል፤ በሌላ አገር ሌላ ይባላል። የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ጠይቁ። ከእኔ የምታገኙት ደንብ ጽፋችሁ ከላይ ስቀሉ፣ የሰረዛችሁትንም ከነምክንያቱ መዝግቡ የሚለውን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት አስተዳዳሪ ይበቃናል?

መልስ፦ ሁለት ወይም ሦስት፤ ሁሉም ባለሁለት ደረጃውን ያበሩ። ያላበራ ካለ እስኪያበራ ሥልጣኑን አንሱበት፣ ይቀየም።