ስሙ አፌ ላይ ነው፦ ጤነኛ አንጎል ሲያረጅ

[ምስል፦ የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት መንገድ ላይ ከቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ሲጨባበጡ።]

ሰውየውን በደንብ ያውቁታል። ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። ሦስት ልጆች እንዳሉት፣ ጉልበቱን ያመው እንደነበር፣ ሲስቅ ዓይኖቹ እንደሚጨፈኑ ሳይቀር ትዝ ይላቸዋል። ስሙ ብቻ እምቢ አለ። አፋቸው ላይ ነው፤ ግን አይወጣም። ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ይሰነባበታሉ። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄዱ ስሙ ማንም ሳይጠራው ብቅ ይላል። ሴትዮዋ ግን ደስ አይላቸውም። «ጃጀሁ ማለት ነው?» ይላሉ በልባቸው።

አልጃጁም። ማስረጃውም ያው የዘገየው ስም ነው፤ ጨርሶ የጠፋ ነገር ከአሥር እርምጃ በኋላ ተመልሶ አይመጣም። በመሀል ሦስት ስሞች ተጠርተውላቸው ቢሆን ኖሮ ትክክለኛውን ወዲያው ይለዩት ነበር። ዕቃው ጓዳ ውስጥ አለ፤ የዘገየው ሄዶ የሚያመጣው መልእክተኛ ነው።

ለመሆኑ ቀድሞ የሚከዳን ለምን ስም ሆነ? ሁለት ሰዎች ተዋወቃችሁ እንበል። አንዱ ስሙ መምህሩ ነው፤ የሌላው ሙያ መምህርነት ነው። ከሳምንት በኋላ የትኛው ትዝ ይላችኋል? ሙያው። «መምህር» ሲባል ሰሌዳው፣ ጠመኔው፣ የፈተናው ወረቀት፣ የራሳችሁ የልጅነት ክፍል አብሮ ይነሣል። አንዱ መንገድ ቢዘጋ በሌላው ይደረሳል። ስም ግን በአንድ ቀጭን ክር የተንጠለጠለ ነው። ዕድሜ ክሮቹን ሁሉ ትንሽ ትንሽ ሲያላላ፣ ጉዳቱ ቶሎ የሚታወቀው ብቸኛው ክር ላይ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ነገር የሃያ ዓመት ወጣትንም ያጋጥመዋል፤ እሱ ግን «ጃጀሁ» ብሎ እንቅልፍ አያጣም።

[ምስል፦ የአንጎል ሥዕል። ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍልና ሂፖካምፐስ በቀለም ተለይተው ይታያሉ።]

አሁን ወደ አንጎሉ እንግባ። የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ መጠኑ በየአሥር ዓመቱ በግምት 5 በመቶ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ከሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ዓይን ያየውን የሚያስተናግደው የኋለኛው ክፍል ብዙም አይነካም። ይበልጥ የሚሳሱት ሐሳብን የሚያደራጀውና ትኩረትን የሚመራው ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል፣ እንዲሁም አዲስ ነገር የሚመዘገብበት ሂፖካምፐስ ናቸው። አረጋውያን የልጅነታቸውን ታሪክ አሳምረው እየተረኩ፣ ባለፈው ሳምንት የሰሙት ወሬ ዝርዝሩ የሚያመልጣቸው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

«በየቀኑ ይህን ያህል ሺህ የአንጎል ሴል ይሞታል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በአንድ ወቅት ሳይንቲስቶችም ያምኑት ነበር። የመቁጠሪያ ዘዴው ሲሻሻል ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ በጤነኛ እርጅና አብዛኞቹ የነርቭ ሴሎች በሕይወት አሉ። የሚቀንሱት ቅርንጫፎቻቸውና እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ነጥቦች ናቸው። ዛፉ ቆሟል፤ ቅጠሉ ሳሳ። በዚያ ላይ ረጃጅሞቹን የነርቭ ክሮች የሚሸፍነው፣ ማይሊን የሚባለው ስብ የበዛበት ልባስ ይጎዳል። መልእክቱ ይደርሳል፤ ግን ይዘገያል።

ለዚህ ነው ከሁሉ ቀድሞ ፍጥነት የሚቀንሰው፤ ያውም ገና ሽበት ሳይታይ፣ ከሃያዎቹ መጨረሻና ከሠላሳዎቹ ጀምሮ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝም እየከበደ ይሄዳል። ቁልፋችሁን ያስቀመጣችሁት በስልክ እያወራችሁ ከነበረ፣ የት እንዳስቀመጣችሁት መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። ያልተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ጠፋ አይባልም። እኔ እንደማየው «መርሳት» ብለን ከምናማርርበት ነገር ብዙው ልብ አለማለት ነው።

ዕድሜ የማይነካውም ጥቂት አይደለም። የቃላት ዕውቀት እስከ ስልሳዎቹ እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። እጅ የለመደው ሥራ ደግሞ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። ይህን ካስተማሩን ሰዎች ዋነኛው፣ በሕይወት ሳለ ኤች ኤም በሚሉት ፊደላት ብቻ ይታወቅ የነበረው አሜሪካዊው ሄንሪ ሞሌዘን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ሲባል ከሁለቱም ወገን የሂፖካምፐሱ ትልቅ ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከዚያ በኋላ የተዋወቀውን ሰው ሁሉ ወዲያው ይረሳ ነበር። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲስል አለማመዱት። እጁ ከቀን ወደ ቀን ሥራውን ተካነ፤ እሱ ግን ከዚያ በፊት ሞክሮት እንደሚያውቅ አያስታውስም ነበር። እጅ ያውቃል፣ ባለቤቱ አያውቅም!

ያረጀ አንጎል ዘዴም ይፈጥራል። ወጣቶች በዋናነት በአንድ ወገን የሚሠሩትን አንዳንድ የማስታወስ ሥራ፣ ጎበዝ የሆኑ አረጋውያን በግራና በቀኝ ተጋግዘው ሲሠሩት በምርመራ ምስሎች ታይቷል።

[ምስል፦ ተመራማሪ የአንጎል ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ።]

የመርሳት በሽታ የሚባሉት ሕመሞች ከዚህ ሁሉ የተለዩ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በመላው ዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከነዚህ ሕመሞች ጋር እንደሚኖሩ ይገልጻል። አልዛይመር ከመካከላቸው ዋነኛው ነው። ዕድሜ ተጋላጭነትን ይጨምራል፤ በሽታው ግን የእርጅና ግዴታ አይደለም። ሆላንዳዊቷ ሄንድሪክዬ ቫን አንደል ሺፐር በ115 ዓመታቸው በ2005 ሲያርፉ አንጎላቸው ተመርምሮ የአልዛይመር ምልክት ከሞላ ጎደል አልተገኘበትም።

ቀጠሮ ረስቶ ማታ ላይ «ውይ!» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ተነግሮም እንኳ «ምን ቀጠሮ?» ማለት ሌላ ነው። ለዓመታት በተመላለሱበት መንገድ መጥፋት፣ አንዱን ጥያቄ በደቂቃዎች ልዩነት ደጋግሞ መጠየቅ፣ ሲከፍሉበት የኖሩት የሂሳብ ደረሰኝ ግራ ማጋባት ሐኪም ማየት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ በጤነኛ እርጅና የሚጨነቀው ባለቤቱ ሲሆን፣ በበሽታው ግን ቀድሞ የሚያስተውለው ቤተሰብ ነው።

ምን ይረዳል ለሚለው፣ የቃላት ጨዋታ በዋናነት የሚያሻሽለው የቃላት ጨዋታ ችሎታን ነው፤ ደስ ካላችሁ ተጫወቱ። እኔ እግርን አስቀድማለሁ። በ2011 በወጣ ጥናት 120 አረጋውያን በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ አደረገ። የነዚህ ሰዎች ሂፖካምፐስ 2 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ሰውነት ማፍታቻ ብቻ የሠሩት ግን ቀነሰባቸው። የመስማት ችግርንም ችላ አትበሉ፤ በቅጡ ያልተሰማ ነገር በቅጡ አይመዘገብም።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባትና ድብርት የመርሳት በሽታ የሚመስል ጭጋግ ያመጣሉ። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ይታከማሉ።